የሦስት ቀን ውል፦ ማርሊን ብሪስኮና የ1968ቷ ዴንቨር

በዴንቨር ብሮንኮስ የክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ አንድ ቁጥር 56 ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ኖሯል፤ ቁጥሩ 14 ነው። ማርሊን ብሪስኮ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1968፣ በጀማሪነቱ ዓመት፣ ወርውሯቸው ተችዳውን የሆኑለት ኳሶች ብዛት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ በኋላ ወደ ዴንቨር የመጡ ጀማሪዎች፣ የከተማይቱ ጣዖት እስከ መሆን የደረሰውን ጆን ኤልዌይን ጨምሮ፣ በየተራቸው ከዚህ ቁጥር በታች ቀርተዋል። እንግዳው ነገር ግን ክብረ ወሰኑ ይህን ያህል መቆየቱ አይደለም። ክብረ ወሰኑን ያኖረው ሰው ከዚያ ዓመት በኋላ እስከ ሙያው ፍጻሜ ድረስ በዚያው ቦታ አንድም ጨዋታ አለመጀመሩ ነው።

ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት እሑዶች በዴንቨር ኮልፋክስ ጎዳና ወይም በኦሮራ ሐቫና ጎዳና የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ብርቱካናማውን የብሮንኮስ መለያ ሳያይ አይመለስም። ጨዋታው ራሱ ግን በእግር ኳስ ላደገ ዓይን ለረጅም ጊዜ ባዕድ ሆኖ ይቆያል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከአጥቂዎቹ አሥሩ እጅግ የተወሰነ ሥራ አላቸው፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቀበላል። አሥራ አንደኛው ኳርተርባክ ይባላል። ኳሱ በየምልልሱ በቅድሚያ በእጁ ይገባል፤ የተጋጣሚን አሰላለፍ አንብቦ፣ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። የፋብሪካ ምሳሌ ቢፈለግ፣ አሥሩ ሠራተኞች ሲሆኑ እርሱ የፈረቃው አለቃ ነው። የአሜሪካ ክለቦች ባለቤቶችም ቦታውን የሚያዩት እንዲሁ ነበር፤ አእምሮና አዛዥነት የሚጠይቅ ሥልጣን አድርገው። ስለዚህም ጥቁር ሰው ለረጅም ዘመን በሩን ሊያልፍ አልቻለም።

ነገሩ ገና ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። ሊጉ በ1920 ሲቋቋም ፍሪትዝ ፖላርድን የመሰሉ ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩበት። ከ1934 እስከ 1945 ግን፣ የተጻፈ ደንብ ሳይኖር፣ በሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልታየም። መዝጊያው የተከፈተው በ1946 ነው፤ ወደ ሎስ አንጀለስ የተዛወረው የራምስ ክለብ በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው ኮሊሲየም ለመጫወት ሲጠይቅ፣ ጥቁር ተጫዋቾችን እንዲያሰልፍ ግፊት ደረሰበትና ኬኒ ዋሽንግተንንና ዉዲ ስትሮድን አስፈረመ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ተጫዋቾች በዙ፤ የበዙት ግን በተወሰኑ ቦታዎች ነበር። በሩጫ፣ በመቀበልና በጠርዝ መከላከል ሞሉ፤ በመሐል ቦታዎች፣ ከሁሉ በላይም በኳርተርባክነት፣ አይታዩም ነበር። ሁለት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት፣ ጆን ሎይና ጆሴፍ ማክኤልቮግ፣ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሥርዓት በቁጥር አሳዩት፦ ቦታው ወደ ውሳኔው መሐል በቀረበ መጠን የጥቁር ተጫዋቾች ድርሻ ይመነምናል። ዊሊ ትሮወር በ1953 ለቺካጎ ቤርስ ኳስ ወርውሯል፤ ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። በ1968 የኦክላንድ ሬይደርስ ክለብ ኤልድሪጅ ዲኪ የተባለውን የቴነሲ ስቴት ኳርተርባክ በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ ሆኖም ወዲያው ወደ ተቀባይነት አዛወረው።

ማርሊን ብሪስኮ የተመረጠው በዚሁ ምርጫ ነው፤ ግን ከመጨረሻዎቹ ረድፎች። መስከረም 10 ቀን 1945 በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ተወለደ፤ ያደገው ግን በነብራስካ፣ የቄራና የሥጋ ማሸጊያ ሠራተኞች ሰፈር በሆነችው በደቡብ ኦማሃ ነው። በኦማሃ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ ተጫወተ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ለዚያ ቦታ አጭር ይባላል። ከመከላከያ እጅ እያመለጠ ከማይጠበቅ ስፍራ ስለሚወረውር «አስማተኛው» የሚል ቅጽል ወጣለት። ብሮንኮስ በ14ኛው ዙር፣ 357ኛ አድርጎ መረጠው፤ ለኮርነርባክነት፣ ማለትም የተጋጣሚን ተቀባዮች እያሳደደ ለሚከላከል ሥራ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ለምጣኔ ሀብት ተማሪ የሚጥም መልክ ይይዛል። በ1960 ሥራ የጀመረውና ዴንቨርን የያዘው አዲሱ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ከነባሩ ሊግ ጋር ለተጫዋቾች በሚሻማበት ጊዜ ዋጋ ንሮ ነበር። አዲሱ ሊግ ነባሮቹ የናቋቸውን የደቡብ ጥቁር ኮሌጆች እየዞረ ተሰጥኦ የለቀመው ከደግነት ብቻ አይደለም፤ ርካሽና ያልተነካ ገበያ ስላገኘ ነው። በጥር 1965 የኮከቦች ጨዋታ በኒው ኦርሊንስ ሊደረግ ሲል ጥቁር ተጫዋቾቹ ታክሲና መጠጥ ቤት ስለተከለከሉ አንጫወትም ብለው ግጥሚያው ወደ ሂዩስተን እንዲዛወር ማድረጋቸው፣ በዚያ ገበያ ምን ያህል ጉልበት እንደነበራቸው ያሳያል። በሰኔ 1966 ግን ሁለቱ ሊጎች ለመዋሐድ ተስማሙ። ከ1967 ጀምሮ ምርጫው አንድ ሆነ፤ አንድን ተጫዋች የመረጠ ክለብ ለብቻው ይደራደረዋል፤ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ብሪስኮ ለድርድር የቀረበው እንግዲህ አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ገበያ፣ ያውም 357ኛ ሸቀጥ ሆኖ ነው። የነበረው አማራጭ አንድ ነው፦ የተማረ ነበርና ወደ ኦማሃ ተመልሶ ማስተማር። ገንዘብ ቢጠይቅ እንደማያገኝ ያውቃል። የጠየቀው ለክለቡ ምንም የማያስወጣውን፣ ለእርሱ ግን ሁሉን ነገር የሆነውን ነበር፤ በልምምድ ሰፈሩ ሦስት ቀን በኳርተርባክነት ተሞክሮ እንዲታይ። ካልሆነ መምህር እሆናለሁ አለ። ክለቡ ተስማማ። ሦስቱ ቀናት አለፉ፤ ብሪስኮ ታየ፣ ወደ ኮርነርባክነትም ተመለሰ። ዐይቶት የነበረው ዋና አሠልጣኝ ሉ ሴባን ግን የወረወራቸውን ኳሶች አልረሱም ነበር።

የዚያን ዓመት ዴንቨር የተረጋጋች ከተማ አልነበረችም። ሚያዝያ 4 ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ተገደሉ። በዚያው ወር በዴንቨር የትምህርት ቦርድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተመራጭ የነበሩት ወይዘሮ ሬቸል ኖኤል የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በዘር መከፋፈላቸው እንዲቆም የሚያዝ ውሳኔ አቀረቡ፤ ቦርዱም አጸደቀው። ጥቁሮች በፋይቭ ፖይንትስ ታጭቀው ከኖሩ በኋላ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፓርክ ሂል፣ መግባት ጀምረው ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በሰፈር ድንበር እየተከለሉ የነጭና የጥቁር ሆነው ቀጠሉ።

መስከረም 29 ቀን 1968 ብሮንኮስ ከቦስተን ፓትርዮትስ ጋር ሲጋጠም ዋናው ኳርተርባክ ስቲቭ ቴንሲ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ተተኪው ጆ ዲቪቶም አልሆነለትም። በአራተኛው ክፍል አሠልጣኙ ወደ ብሪስኮ ዞሩ። የመጀመሪያ ውርወራው 22 ያርድ ሄዶ ከተቀባዩ እጅ ገባ። በሁለተኛው ተራው ቡድኑን 80 ያርድ አሻግሮ፣ የመጨረሻዎቹን 12 ያርዶች ራሱ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረ። ጨዋታው 20 ለ17 ተሸነፈ፤ የተመልካቹ ጆሮ ግን ሌላ ስም ይዞ ወጣ። በሳምንቱ፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ ከሲንሲናቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰለፈ፤ በዘመናዊው የሙያ እግር ኳስ በኳርተርባክነት ጨዋታ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ።

በዚያ ዓመት በ11 ጨዋታዎች ገብቶ አምስቱን ጀመረ። በ224 ውርወራ 1,589 ያርድ፣ 14 ተችዳውን፤ በእግሩ ደግሞ 308 ያርድና 3 ተችዳውን። በኅዳር መጨረሻ ከቡፋሎ ጋር በተደረገው ጨዋታ ብቻ 335 ያርድና 4 ተችዳውን ወረወረ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ በሚለው ድምፅ ሁለተኛ ወጣ። እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ጉድለቱም ይነገር፦ ከውርወራዎቹ ለባለቤቱ የደረሱት 93 ብቻ ናቸው፣ ከመቶ 41.5፤ ይህ በዚያ ዘመን መለኪያም ዝቅተኛ ነው። 13 ኳሶች በተጋጣሚ ተጠልፈውበታል። ቡድኑም በ5 አሸንፎ በ9 ተሸነፈ። በአንጻሩ አንዴ የደረሰች ኳስ በአማካይ ከ17 ያርድ በላይ ታስኬዳለች፤ ይህ አደጋ የሚደፍር ወጣት ምልክት ነው፤ ስህተቱም ጥንካሬውም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱበት። ማንኛውም አሠልጣኝ እንዲህ ያለ የ23 ዓመት ጀማሪ ቢያገኝ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚሆን ለማየት ይጓጓል ተብሎ ይገመታል።

አልተጓጉም። በቀጣዩ በጋ ብሪስኮ ያልጨረሰውን ትምህርት ለመጨረስ ኦማሃ ሳለ በዴንቨር የኳርተርባኮች ስብሰባ ያለ እርሱ ይደረግ ጀመር። ክለቡ ፒት ሊስኪን ከካናዳ ሊግ አምጥቶ ነበር፤ ቴንሲም ከጉዳቱ ድኗል። ብሪስኮ ተመልሶ ሲመጣ ስለ ቦታው እንዲወዳደር እንኳ ዕድል እንደሌለው ተረዳ። ሦስት ቀን ይቅርና አንድ ቀን አልተሰጠውም። ልቀቁኝ አለ፤ ለቀቁት። ክለቡ በምትኩ አንዳች ነገር አላገኘም።

ጋሪ ቤከር የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1957 ባሳተሙት ሥራ አድልዎ ዋጋ እንዳለው ጽፈዋል፦ ሰው በቀለሙ ምክንያት ብቁ ሠራተኛ የሚገፋ አሠሪ ትርፉን ይከፍላል፤ ያላዳላ ተወዳዳሪ ካለም ውሎ አድሮ ይበልጠዋል። የዴንቨርን ሒሳብ በዚህ መለኪያ ማየት ይቻላል። ብሮንኮስ በ1969 አምስት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ። በ1970 ውጤቱ ያው ሆነ። በ1971 ይባስ ወረደና ሉ ሴባን በዓመቱ አጋማሽ ሥራቸውን ለቀቁ። ክለቡ ከተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ያሸነፋቸው የበለጡበትን የመጀመሪያ ዓመት ያየው በ1973 ነው። ብሪስኮ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ማለት አይቻልም፤ የከሸፉ ወጣት ኳርተርባኮች ብዙ ናቸው። ሊባል የሚቻለው፣ ክለቡ በእጁ የነበረውን ጥያቄ መልሱን ሳያይ መዝጋቱን ነው።

ታዲያ የቤከር «ያላዳላ ተወዳዳሪ» ለምን አልመጣም? አንዱ መልስ የገበያው ቅርጽ ነው፤ ሊጎቹ ከተስማሙ በኋላ አዲስ ክለብ ገብቶ የተናቀውን ሊለቅም አይችልም። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይከብዳል። የኬኔት አሮውና የኤድመንድ ፌልፕስ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ጥላቻ የሌለው አሠሪ እንኳ ስለ ግለሰቡ በቂ መረጃ ሲያጣ ስለ ወገኑ ባለው ግምት ይፈርዳል። የኳርተርባክ ብቃት ደግሞ ቦታው ላይ ሳይቆሙ የማይታወቅ ነገር ነው፤ ሯጭን በሰዓት መለካት ይቻላል፣ በሦስት ሰከንድ መወሰንን ግን የሚለካ ሰዓት የለም። ቦታው የማይሰጠው ሰው መረጃ አያመነጭም፤ መረጃ ስለሌለ ቦታው አይሰጠውም። በየኮሌጁ ያሉ ጥቁር ወጣቶችም ይህን አውቀው ቀድመው ወደ ተቀባይነትና ወደ መከላከል ይዞሩ ነበር፤ የሚያዋጣው እርሱ ነውና። ግምቱ ራሱን ያረጋግጣል። ብሪስኮ በሦስት ቀን ውሉ ሰበረው የተባለው ይህንን ክበብ ነበር፤ የ1969ኙ በጋ የሚያሳምመውም ስለዚህ ነው። መረጃው በ11 ጨዋታዎች በአደባባይ ተመዝግቦ ሳለ ሳይነበብ ቀረ። እዚህ ላይ የመረጃ እጥረት የሚለው ማብራሪያ አቅም ያጣል፤ ቤከር «ዝንባሌ» ያሉት ነገር ብቻውን ይቀራል።

ብሪስኮ ወደ ቡፋሎ ሄደ፤ በሕይወቱ ተጫውቶት ወደማያውቀው ተቀባይነት። በዚያው ክለብ በ1969 ጄምስ ሃሪስ የተባለ ጥቁር ኳርተርባክ የዓመቱን የመክፈቻ ጨዋታ ጀመረ። ብሪስኮ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱን ሙያ ተምሮ በ1970 በ57 ኳሶች 1,036 ያርድ ያዘና ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በ1972 ቡፋሎ አሠልጣኝ ቀየረ፤ የመጡትም ሉ ሴባን ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ብሪስኮ ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ተሸጠ። የሽያጩ ዋጋ የ1973 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነበር፤ ቡፋሎ በዚያ ምርጫ ያመጣው ጆ ዴላሚየሉር ኋላ ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። ዴንቨር ያለ ክፍያ የለቀቀው ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ በገበያው ከፍተኛው ዋጋ ወጣለት፤ ቦታውን እስከ ለወጠ ድረስ።

በማያሚ ዕድል አብራለት። የ1972ቱ ዶልፊንስ 17 ጨዋታ ተጫውቶ 17ቱንም ያሸነፈው፣ እስከ ዛሬ አቻ ያላገኘው ቡድን ነው። በቀጣዩም ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ፤ ብሪስኮም ሁለት የሱፐር ቦውል ቀለበቶች አጠለቀ። ሌሎች ክለቦችንም ዞሮ በ1976 ጨዋታ አቆመ።

ከዚያ በሎስ አንጀለስ ኮኬይን ያዘው። ቤቱ፣ ገንዘቡ፣ ትዳሩ ሄደ፤ ለብድር መያዣ ያደረጋቸውን ሁለቱን ቀለበቶች ባንክ ወሰዳቸው። ጥር 31 ቀን 1988 በሳን ዲዬጎ በተደረገው ሱፐር ቦውል ዳግ ዊሊያምስ ዋሽንግተንን እየመራ 42 ለ10 አሸነፈ፤ ሱፐር ቦውልን የጀመረና ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። የተሸነፈው ክለብ ዴንቨር ብሮንኮስ ነበር። ብሪስኮ ጨዋታውን ያየው በዚያችው በሳን ዲዬጎ፣ ከእስር ቤት ሆኖ ነው። ከጊዜ በኋላ ከሱሱ ወጣ፤ በሎንግ ቢች በወጣቶች ማዕከል ውስጥ ሠራ። በ2016 ወደ ኮሌጅ እግር ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ገባ፤ በተማረበት በኦማሃም ሐውልት ቆመለት። ሰኔ 27 ቀን 2022 በ76 ዓመቱ በካሊፎርኒያ ዐረፈ።

ዴንቨር ደግሞ የራሷን ክርክር ይዛ ቀጠለች። ብሪስኮ ከከተማይቱ በወጣበት በ1969 አዲስ የተመረጠ የትምህርት ቦርድ የወይዘሮ ኖኤልን ዕቅድ ሻረ፤ የፓርክ ሂል ወላጆችም በዊልፍሬድ ኪይስ ስም ክስ መሠረቱ። በየካቲት 1970 የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በፈንጂ ጋዩ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለከሳሾቹ ፈረደ፤ በደቡብ ሳይሆን በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለች ከተማ በትምህርት ቤት መከፋፈል ስትጠየቅ የመጀመሪያው ነበር። በ1974 የኮሎራዶ ሕዝብ ዴንቨር አጎራባች መሬቶችን እንዳትጠቀልል የሚገታ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ልጆቻቸውን በአውቶቡስ ማዘዋወር ያልወደዱ ብዙ ነጭ ቤተሰቦች ወሰን ተሻገሩ፤ ከሚጠብቋቸው ከተሞች አንዷ ኦሮራ ነበረች። የኦሮራ ሕዝብ በ1970 ወደ 75 ሺህ ነበር፤ በ1980 ከ158 ሺህ በላይ ሆነ። ለዕድገቷ ርካሽ መሬትና የመኪና መንገድም ድርሻ አላቸው፤ የፍርዱ ጥላ ግን በዚያ ውስጥ አለ። በዚያ ጥድፊያ የተሠራችው ከተማ ኋላ የስደተኛ ከተማ ሆነች። ዛሬ ኢትዮጵያዊው እንጀራ የሚገዛባትና ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት ኦሮራ ይህችው ናት፤ ልጁ ኳስ ልጫወት ቢል የትኛው ቦታ ላይ ይቁም የሚለውን ጥያቄ ያረጁት ሰዎች የተከራከሩበት ሜዳም ከእርሷ በምዕራብ ጥቂት ማይል ርቆ ነበር።

በኳርተርባኩ ገበያ ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴም በጎን በር ነው። ዋረን ሙን በ1978 ማንም ክለብ ሳይመርጠው ወደ ካናዳ ሄደ፤ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ ካነሣ በኋላ በ1984 የአሜሪካ ክለቦች ሊያስመጡት ተሻሙ። መረጃውን ያመነጨው ሌላ ገበያ ነበር። በ2001 ማይክል ቪክ ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። በየካቲት 2023፣ ብሪስኮ ከሞተ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ ፓትሪክ ማሆምስና ጄለን ኸርትስ ተጋጠሙ፤ በሱፐር ቦውል ሁለቱም ወገን በጥቁር ኳርተርባክ ሲመሩ የመጀመሪያው ነበር።

የዴንቨር ክብረ ወሰን የተሰበረው በ2024 ነው። ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የመጣው ቦ ኒክስ 12ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ነጭ ነው፤ በኮሌጅ 61 ጨዋታ ጀምሮ ነበር፣ ይህም ራሱ ክብረ ወሰን ነው። ክለቡ ከመጀመሪያው ጨዋታ ቦታውን ሰጠው፤ ሲሳሳትም አላነሣውም። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ኋላ ግን በ567 ውርወራ 3,775 ያርድና 29 ተችዳውን ይዞ ጨረሰ፤ ብሮንኮስም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ማጣሪያ ገባ። ተችዳውን ለውርወራ ሲካፈል የኒክስ ሒሳብ በ20 ውርወራ አንድ ገደማ ይሆናል። የብሪስኮ ልክ በ16 አንድ ነው። በክለቡ መዝገብ፣ በጀማሪ ኳርተርባኮች ዝርዝር፣ በመጀመሪያው መስመር ቦ ኒክስ፣ 29፤ ከሥሩ ማርሊን ብሪስኮ፣ 14።